የዲፈረንሻል ሽምግልና

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና መንገድ ዳር ያቆመ ሰው ብቻውን አይቀርም። ኮፈኑን ከፍ ካደረገማ አለቀለት። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ አማካሪዎች ይከቡታል፤ አንዱ ካንዴላው ነው ይላል፣ አንዱ ቤንዚኑ ቆሻሻ አለው ይላል፣ ሌላው ምንም ሳይል እጁን አስገብቶ አንድ ሽቦ ነቅነቅ ያደርጋል። ስለ ሞተር አስተያየት የሌለው ወንድ እስካሁን አልገጠመኝም። ከኋላ ወንበር ሥር፣ በሁለቱ ጎማዎች መሃል፣ ጭቃና ዘይት ተለቅልቆ የተቀመጠውን ያንን ሆዳም ብረት ግን ጎንበስ ብሎ ‹‹እንዴት ነህ?›› የሚለው የለም። ዲፈረንሻል እስኪጮህ ድረስ የሚያስታውሰው የለም። ከጮኸ በኋላ ደግሞ አማካሪው ከሞተሩም ይበዛል፤ ውስጡን ያየ ሰው ስለሌለ ሁሉም እኩል ያውቃል።

ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከካምቢዮ በረጅሙ ዘንግ የመጣውን ዙር ወደ ጎን አጥፎ ለሁለቱ ጎማዎች ማካፈል። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ የውስጡ አጭር። ሁለት ሰዎች ሶፋ ተሸክመው ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ሲዞሩ አይታችኋል? በውጭ በኩል ያለው ይሮጣል፣ በውስጥ በኩል ያለው እዚያው ቆሞ እግሩን ያነሳል ይጥላል። ሁለታችሁም እኩል ተራመዱ ቢባሉ ወይ ሶፋው ወይ ግድግዳው አንዱ ይጎዳል። ይህን ጣጣ ለተሽከርካሪ ከፈቱት ሰዎች ቀዳሚው ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ጋሪ የሚሆን ዲፈረንሻል አስመዝግቧል። የቤንዚን መኪና ገና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር። ሰውየው በሙያው ሰዓት ሠሪ ነው። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ቁጭ ብሎ ጥርስ መቁጠር የሚችል ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ሁለተኛው ሥራ ዙር መቀነስ ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርሳም ፒኞን ትልቁን ኮሮና ታዞራለች። ፒኞኗ 10 ጥርስ፣ ኮሮናው 43 ጥርስ ካለው ዘንጉ 4.3 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህች ቁጥር ከፍ ካለች መኪናው ዳገት ይወዳል፣ ሜዳ ላይ ግን ቶሎ ይጮሃል። ዝቅ ካለች ሜዳ ላይ ይለቀቃል፣ ዳገት ላይ ይለምናል። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት ይህችን ቁጥር ነው፤ የማያውቀውም ይህችኑ ነው። በሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፤ ስለ ዲፈረንሻል ግን አንድ መስመር የለም።

ችግሩ የትም አለ። አሜሪካኖቹ የኋላውን ክዳን ቅርጽ አይተው፣ የቡሎኑን ብዛት ቆጥረው ‹‹ባለ 10 ቡሎን››፣ ‹‹ባለ 12 ቡሎን›› እያሉ የጄኔራል ሞተርስን አክስል ይለያሉ። እኛ ዘንድ ግን መኪናው ላዳ ነው፤ ላዳ ደግሞ በዚህ ረገድ ተንኮለኛ ነው።

ላዳ በትውልዱ ጣሊያን ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1967 በአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና የተባለውን ፊያት 124 ወስደው፣ ቶሊያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተክለው፣ ከ1970 ጀምሮ ያመርቱት ጀመር። ለእነሱ መንገድ እንዲሆን ብረቱን አጠነከሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን አንስተው በከበሮ ተኩት። ከዚያ በደርግ ዘመን ወደኛ መጣና ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ አዲስ አበባን ያመላልስ ጀመር። የሩሲያን በረዶ የቻለ መኪና የእኛን ጉድጓድ ቢችል አይገርምም። የሚገርመው የእኛን ጥገና መቻሉ ነው።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። 1200ው ላዳ ሲወጣ ኮሮናው 43 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10 ነበር፤ 4.3 ማለት ነው። ስቴሽኑ ጭነት ስለሚሸከም 40 በ9 ተሰጠው፤ 4.44። 1500ው 41 በ10 ሆነ፤ 4.1። 1600ው 43 በ11፤ 3.9። አራት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሆኖም የአንዱ ዲፈረንሻል በስምንት ቡሎን ተፈትቶ የሌላው ቤት ውስጥ ያለምንም ጠብ ይገባል። በዚያ ላይ ላዳ እንደ ብዙዎቹ አሜሪካኖች የኋላ ክዳን የለውም፤ ከኋላው የተበየደ ቆርቆሮና አንድ የዘይት መሙያ ብቻ ነው የሚታየው፣ ጥርሱ የሚወጣው በፊት በኩል ነው። ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው አራቱም አንድ ናቸው። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ እየተገዛ፣ ከአንዱ ሬሳ ወደ ሌላው እየተዛወረ፣ ዛሬ በየትኛው ላዳ ሆድ ውስጥ የማን ጥርስ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

የጎረቤታችን የጋሼ ላዳ ሊብሬዋ 1500 ይላል። ጋሼ በወጣትነታቸው ታክሲ ነድተዋል፣ አሁን መኪናዋን የሚያወጧት ለቅሶና ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነው። በቅርቡ 60 ላይ ስትደርስ ዋይ ማለት ጀመረች። እግራቸውን ከቤንዚኑ ሲያነሱ ዝም ትላለች፣ ሲረግጡ እንደገና ዋይ። ተለዋጭ ለመግዛት ሆዷ ውስጥ ያለው የማን ጥርስ እንደሆነ መታወቅ ስላለበት የሰፈሩ ጉባኤ ቅዳሜ ጠዋት ተጠራ።

ጉባኤው ሦስት ወገን ነበረው። የመጀመሪያው የጆሮ ወገን ነው። መሪው የቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆኑ፣ መኪናዋ አንድ ዙር ተነድታ ስትመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ‹‹ይህ የ1600 ድምፅ ነው፤ ወፍራም ነው›› አሉ። ለፍትህ ያህል፣ ጆሮ ከንቱ አይደለም። ሲረገጥ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ጥርሶቹ ናቸው። ቢረገጥም ባይረገጥም ከጎማው ጋር እኩል የሚያጉረመርም ከሆነ፣ በተለይ መታጠፊያ ላይ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ የሴሚያክሱን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ሲነሳ ‹‹ቋ›› የሚል ከሆነ የዘንጉ ክሮቸራ ላልቷል ወይም ጥርሶቹ መካከል ክፍተቱ በዝቷል። ስለዚህ ጆሮ በሽታውን ይነግራል። የጥርስ ቁጥር ግን አይነግርም፤ 3.9 ወፍራም ድምፅ፣ 4.3 ቀጭን ድምፅ የለውም።

ሁለተኛው የታሪክ ወገን ነው። ‹‹ይህን መኪና የሸጠልኝ ሰው ሐቀኛ ነው፣ ምንም አልተነካካም ብሎኛል›› የሚሉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ሐቀኝነቱን አልጠራጠርም። ግን የሸጠላቸው ሰው የገዛው ከሌላ ነው፣ ያም ከሌላ፤ ሐቀኝነት እንደ ሊብሬ በስም አይዛወርም። በነገራችን ላይ በድሮ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ አሮጌ መኪና ነጋዴዎች የሚጮህ ዲፈረንሻልን ለሽያጩ ቀን ዝም ለማሰኘት ዘይቱ ውስጥ ሰጋቱራ፣ አንዳንዴም ሙዝ ይጨምሩ እንደነበር ይወራል። የእኛ ነጋዴ ሙዝ አይጨምርም፤ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።

ሦስተኛው የቅርጽ ወገን ነው። ይኸኛው ጎንበስ ብሎ ከኋላ ተመለከተና ‹‹ክቡ ሰፋ ይላል፣ የስቴሽን ነው›› አለ። ስለዚህ ወገን ብዙ አልልም።

መካኒኩ ወጣት ነው፣ ነገር አያበዛም። ‹‹ጋሼ፣ እንቁጠረው›› አለ። ዘዴውን ብዙ ሰው በግማሽ ያውቀዋል፤ በግማሽ ማወቁ ደግሞ ካለማወቅ ይከፋል። ካምቢዮው ፎሌ ይሆናል። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይያዛሉ። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት ይነሳል፣ ሥሩ የሚገባ ሰው ካለ ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት፣ ጎማውም ላይ እንዲሁ። ከዚያ ጎማው በእጅ 20 ዙር ይዞራል፣ ዘንጉ ስንቴ እንደዞረ ይቆጠራል። 20 የሆነበት ምክንያት አለው፤ መሬት የረገጠው ሌላኛው ጎማ ስለማይዞር ኮሮናው የሚዞረው በእጅ የሚዞረውን ጎማ ግማሽ ነው። ጎማው 20 ሲዞር ኮሮናው 10 ይዞራል። ስለዚህ የዘንጉ ዙር 39 ከሆነ 3.9፣ 41 ከሆነ 4.1፣ 43 ከሆነ 4.3፣ 44 አልፎ ግማሽ ሊሆን ሲቃረብ 4.44 ነው። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ይህን ግማሽ የማያውቅ አንድ ልጅ በሌላ ሰፈር 10 ዙር አዙሮ 21 ተኩል ቢያገኝ ጊዜ ‹‹ይቺ ላዳ የእሽቅድምድም ናት›› ብሎ እንዳወጀ መካኒኩ አጫውቶናል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ነገር ክሪክ፣ ጠመኔና የሁለት ደቂቃ ዝምታ ነው። ክሪኩ ተገኘ። ጠመኔውን ከአንድ ተማሪ ቦርሳ አገኘነው።

እኔ ጎማ አዟሪ ተደረግሁ። የመካኒኩ ረዳት ሥር ገብቶ ዘንጉን ይቆጥራል፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ደግሞ በጎን አጎንብሰው ይቆጣጠራሉ። 14 አካባቢ አንድ ዘመድ በአጥር በር ብቅ አሉ። ‹‹እንዴት አደራችሁ?›› እግዚአብሔር ይመስገን ተባለ። ‹‹ልጆች ደህና?›› ደህና። ‹‹ያቺ የታመመችውስ?›› ተሽሏታል። ኢትዮጵያዊ ሰላምታን በግማሽ አቁሞ መቁጠር አይችልም፤ ረዳቱ እንኳ ከመኪና ሥር ሆኖ ‹‹እግዜር ይመስገን›› ሲል ይሰማ ነበር። ቁጥሩ ሲያልቅ ረዳቱ 39 አለ። የአውቶቡሱ ሹፌር 41 አሉ። ‹‹ከላይ ሆነው እንዴት አዩት?›› ቢባሉ ‹‹አንተ ከመወለድህ በፊት ነው ዘንግ ያየሁት›› ብለው ተቆጡ።

ነገሩ ከመካረሩ በፊት ሽማግሌ ገባ። በእኛ አገር ሁለት ሰው ከተጣላ መሃሉ ይፈለጋል፤ ሰላምታ ይዘው የመጡት ዘመድ ሁለቱንም ወገን አዳምጠው ‹‹እንግዲህ አንተም ተው፣ እርስዎም ይተዉ፣ 40 ይሁን›› ብለው ፈረዱ። ጉባኤው ተስማማ። ጋሼም ‹‹40 መልካም ነው›› አሉ። በዓለም ላይ በስምምነት ጥርስ የተተከለለት የመጀመሪያው ዲፈረንሻል ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ይባስ ብሎ የቅርጽ ወገኑ ከተቀመጠበት ተነስቶ ‹‹አላልኩም? 40 ጥርስ ያለው የስቴሽኑ ነው!›› አለ። እውነቱን ነው፣ የስቴሽኑ ኮሮና 40 ጥርስ አለው። ግን እኛ የቆጠርነው ጥርስ ሳይሆን ዙር ነው፤ ስቴሽን ቢሆን ኖሮ ዙሩ 44 ማለፍ ነበረበት። ይህን ለማስረዳት የፈጀብን ጊዜ ዲፈረንሻሉን ፈትቶ ለመግጠም ይበቃ ነበር።

መፍትሔውን ያመጡት የጋሼ ባለቤት ናቸው። እትዬ በረንዳው ላይ ቡና እያፈሉ ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ‹‹አፍ ያለው ሰው አይቆጥርም›› አሉና የቆሎውን ሰሃን ሳብ አድርገው ሽምብራውን ለብቻ ለቀሙ። ረዳቱ የጠመኔው ምልክት ባለፈ ቁጥር ማርሚታውን በቁልፍ አንዴ ይምታ፣ እሳቸው በተመታ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ሲኒ ማስቀመጫው ያኑሩ፤ ማንም ምንም አይናገር። እንዲህ ሆነ። እኔ ቀስ ብዬ አዞርኩ፣ ከሥር ‹‹ኳ›› ይላል፣ ሽምብራ ‹‹ጠብ›› ይላል። በመሃል ሁለት ሰው በአጥሩ በኩል ሰላም ብሎ አለፈ፤ እትዬ ሳይቆሙ በአንገታቸው ብቻ መለሱ። 20 ሞላ፣ ሽምብራው ተቆጠረ። 42።

42 የሚባል የለም። ከአራቱ ወንድማማቾች አንዱም 42 አይልም። ጉባኤው ሊነሳ ሲል እትዬ ዞር ብለው አጠገባቸው የተቀመጠውን የልጅ ልጃቸውን አዩት። ‹‹አፍህን ክፈት።›› ልጁ አልከፈተም። ‹‹ማሙሽ!›› ከፈተ። አንዷ ሽምብራ ገና ሙሉ በሙሉ አልታኘከችም ነበር። 43።

ስለዚህ የ1500 ሊብሬ፣ የ1200 ዲፈረንሻል። አንድ ባለቤት በአንድ ዘመን፣ የመኪናዋ ጥርስ ሲያልቅ፣ ያገኘውን ገጥሞ ሄዷል። ጉዳት አለው ወይ? ለአዲስ አበባ ሰው እንደውም ጸጋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ካለፈ አየር ውስጥ የአሮጌ ሞተር ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጥሎ ነው የሚሠራው፤ ለእንጦጦ ዳገት ከ4.1 ይልቅ 4.3 ይሻላል። ፋብሪካው ያላሰበልንን ያ ያልታወቀ መካኒክ አስቦልናል፣ ወይም ሶማሌ ተራ የነበረው ያ ዲፈረንሻል ብቻ ነበር።

ዋጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የላዳ የፍጥነት መቁጠሪያ የሚነዳው ከካምቢዮው ጅራት፣ ማለትም ከዘንጉ በኩል ነው፤ ጎማው ስንት እንደዞረ አያውቅም። ለ4.1 የተሠራ መቁጠሪያ 4.3 ከተሰጠው አምስት በመቶ ያህል ይጨምራል። ጋሼ በቢሾፍቱ መንገድ ላይ ‹‹መቶ ረግጫለሁ›› የሚሉት ታሪክ አለ፤ ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል። በእውነቱ የረገጡት 95 ነው። ይህ ሲነገራቸው ትንሽ ዝም አሉና ‹‹ለካ ለዚህ ነው ትራፊክ ይዞኝ የማያውቀው›› አሉ። ከዚያ ደስ አላቸው፤ ኪሎ ሜትሩም የተጋነነ ከሆነ መኪናዋ ከሚባለው ወጣት ናት ማለት ነዋ።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ግዢው ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ‹‹ላዳ ላዳ ነው፣ ሁሉም ይገባል›› የሚል ሻጭ አይጠፋም። አዎ፣ ይገባል። ኮሮናና ፒኞን ግን አብረው ተፋጭተው የሚወጡ ጥንዶች ናቸው፤ ፋብሪካው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይጽፍባቸዋል። የአንዱን ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ያጋባ ሰው ጩኸት ገዝቶ ይመለሳል። ስለዚህ ዘይቱን በጨርቅ ጠርጋችሁ ቁጥሮቹ መግጠማቸውን እዩ፤ ጥርሱንም ሻጩ እያወራም ቢሆን ቁጠሩት። ሲገጠም ደግሞ በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ በጣት ነቅነቅ ተደርጎ ‹‹በቃ፣ አሪፍ ነው›› የሚባልበት ልክ አይደለም፣ መለኪያ ያለው መካኒክ ፈልጉ። ዘይቱ የዲፈረንሻል ዘይት ይሁን፣ 1.3 ሊትር። ፒኞኗ ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብላ ስለምትገጥም ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ነው የሚሠሩት፤ ከሞተር የተረፈ ዘይት እዚያ ውስጥ አይበረክትም።

አሁን መንግሥት የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ‹‹ከእንግዲህ ዲፈረንሻል ቀረ›› ሲሉም ሰምቻለሁ። አልቀረም። የኤሌክትሪኩም መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይበልጥ ይሄዳል፤ አንድ ሞተር ሁለት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ዲፈረንሻል አለው። ጠመኔ የሚደረግበት ረጅም ዘንግ ነው የሌለው።

አሮጌ ላዳ ያላችሁ እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ቁጠሩትና ቁጥሩን በቀለም ኮፈኑ ውስጥ ጻፉት፤ ከእናንተ ለሚገዛው ሰው ከሐቀኝነታችሁ ይልቅ ይጠቅመዋል። ላዳ የሌላችሁ ደግሞ በአጥር በኩል ስታልፉ፣ ጎማ የሚያዞር ሰውና ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ካያችሁ፣ እባካችሁ 20 እስኪሞላ ሰላም አትበሉ።